በሽንት ውስጥ የስብ ጠብታን ለይቶ ስለ ማወቅ፦ የአንድ ምልከታ ታሪክና ለትምህርት ቤቶቻችን ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ የልጅን ፊት ከሐኪም ቀድሞ የሚያየው መምህር ነው። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የዓይኑ ቆብ አብጦ የመጣውን፣ ባለፈው ሳምንት በልኩ የነበረ ጫማ ዛሬ አልገባ ያለውን፣ ከወትሮው ይልቅ ደክሞት ከጥግ የተቀመጠውን ልጅ በመጀመሪያ የሚያስተውለው እርሱ ነው። ጎረቤት «ምች ነው» ሲል፣ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው» ሲል፣ መምህሩ የሚሰጠው ምክር ልጁ በጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ወይም ሳምንታት በከንቱ እንዲያልፉ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«እብጠት» የሚለው አንድ ቃል ብዙ በሽታዎችን ይሸፍናል። ከእነዚህ መካከል ከኩላሊት የሚመጣውን ለመለየት የሕክምና ሳይንስ ከተጠቀመባቸው ምልክቶች አንዱ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር በሽንት ውስጥ የሚታይ የስብ ጠብታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጠብታ እንዴት ሊታወቅ እንደቻለ በታሪክ ቅደም ተከተል መግለጽና ለሳይንስ ትምህርታችን የሚሰጠውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። ጽሑፉ መምህራንን ሐኪም ለማድረግ አይሞክርም። ሊያስገነዝብ የሚሻው፣ ማይክሮስኮፕ መግዛትና በማይክሮስኮፕ ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና ሁለተኛው በትምህርት ብቻ የሚገኝ መሆኑን ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ምክንያት

በጎጃም የእግር ማበጥ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው የዚህ በሽታ ዓይነት በትንኝ ከሚተላለፈው ትል የሚመጣ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም የሰጡት እርሳቸው ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ፣ በምዕራብ ጎጃም ደግሞ በደምበጫ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 በመቶ የሚሆነው በዚህ በሽታ መያዙን አመልክቷል። ስለዚህ አንድ የጎጃም መምህር ያበጠ እግር ባየ ጊዜ ይህን በሽታ ማሰቡ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የኩላሊት እብጠት በጠባዩ የተለየ ነው። የአፈሩ በሽታ ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ጀምሮ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆዳውንም ያሻክራል። ከኩላሊት የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ጠዋት በዓይን ዙሪያ ይታያል፤ ቀኑ ሲመሽ ወደ እግር ይወርዳል፤ በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። የሚያድገውም በዓመታት ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ነው። ከከባድ የምግብ እጥረትና ከልብ ድካም የሚመጣም እብጠት አለ። እነዚህን ሁሉ በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ሽንት መመርመር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከማንኪያና ከሻማ እስከ ማይክሮስኮፕ

ሽንትን አይቶ ስለ ኩላሊት የመናገር ልማድ ጥንታዊ ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ በሽንት ላይ የሚቆይ አረፋ የኩላሊት በሽታ ምልክት ተደርጎ ተጠቅሷል፤ ከዚሁ ቀጥሎም በሽንት ላይ ስለሚንሳፈፍ ቅባት ተነሥቷል። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ሽንትን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርገው ቀለሙንና አተላውን በብርሃን ላይ ይመለከቱ ነበር። ምልከታው ግን ከበሽታው ምክንያት ጋር በማስረጃ የተያያዘ አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙ ግምትና አንዳንዴም ማታለል ተቀላቅሎበት ቆይቷል።

የመጀመሪያው ቁርጥ ያለ እርምጃ የተገኘው በሙቀት ነው። ጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ኮቱኞ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውነቱ ያበጠ የአንድ ወታደር ሽንት በእሳት ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ መርጋቱን ገለጸ። ከስድሳ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1827 በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ አያያዘ፤ እነዚህም የታማሚው ማበጥ፣ ሽንቱ ሲሞቅ መርጋቱና ከሞት በኋላ የታየው የኩላሊት መበላሸት ናቸው። መሣሪያው ማንኪያና ሻማ ነበር። የብራይት ታላቅነት በታማሚው አልጋ አጠገብ ያየውንና አስከሬን ሲመረመር ያየውን በአንድ መዝገብ ማስፈሩ ላይ ነው።

የረጋው ነገር አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ነበር። ነገር ግን የፕሮቲን መኖር ብቻ የኩላሊቱን ሕመም ዓይነት አይናገርም። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ አተላው፣ ማለት ሽንት ቆሞ ሲጠል ከሥሩ ወደሚቀረው ዝቃጭ፣ መውረድ አስፈለገ።

ማይክሮስኮፕ በአውሮፓ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነበር። ታዲያ በ1700ዎቹ በሙሉ ለሕክምና ብዙ ያልጠቀመው ስለ ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ሌንሶቹ ናቸው። በጠርዛቸው የቀስተ ደመና ቀለም ስለሚያሳዩ፣ ጥቃቅን ነገሮችን ሲያጎሉ መልካቸውንም ያዛቡ ነበር። ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1830 ይህን ጉድለት የሚያስተካክል የሌንስ አሠራር ካሳወቀ በኋላ መሣሪያው ሊታመን ቻለ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የሰዎች ልማድ ነበር፤ ያዩትን በሥርዓት የሚያነጻጽሩ ተመልካቾች ገና አልተፈጠሩም ነበር። በፓሪስ የሻሪቴ ሆስፒታል ፒየር ራዬና ረዳቱ ቪግላ በ1830ዎቹ መጨረሻ የብዙ ታማሚዎችን ሽንት በማይክሮስኮፕ በተከታታይ መመርመር ጀመሩ። ራዬ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1841 ያሳተመው ስለ ኩላሊት በሽታዎች የተጻፈ ሰፊ መጽሐፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። በለንደን ደግሞ ጆርጅ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው ጥናት፣ በአንዳንድ የብራይት በሽታ ዓይነቶች የኩላሊት ህዋሳት በዘይት መሰል ጠብታዎች እንደሚሞሉና ይኸው ጠብታ በሽንትም ውስጥ እንደሚታይ አስረዳ።

ጠብታውና መስቀሉ

የስብ ጠብታ ወደ ሽንት የሚመጣው እንዴት ነው? በእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ እነርሱም ውሃንና ቆሻሻን አሳልፈው ፕሮቲንን በደም ውስጥ ያስቀራሉ። ጤናማ ሰው በቀን ከ150 ሚሊግራም ያነሰ ፕሮቲን ብቻ በሽንቱ ያስወጣል። ወንፊቱ ሲቀደድ ግን ኔፍሮቲክ ሲንድሮም በሚባለው ሁኔታ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ3.5 ግራም በላይ ያጣል። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ሲቀንስና ጨው በሰውነት ሲጠራቀም ውሃ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ እብጠቱም ይህ ነው። በዚሁ ጊዜ ጉበት የጎደለውን ለመተካት ሲጣደፍ ስብ ተሸካሚ የሆኑ ፕሮቲኖችንም አብዝቶ ስለሚሠራ በደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይጨምራል። ከዚህ የተወሰነው በተቀደደው ወንፊት አልፎ ወደ ኩላሊት ቱቦዎች ይገባል። የቱቦው ህዋሳት ስቡን ይውጡታል፤ ሲሞሉም ተላቅቀው ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚታየው አንዳንዴ ነጠላ ጠብታ፣ አንዳንዴ በጠብታ የታጨቀ ህዋስ፣ አንዳንዴም የቱቦውን ቅርጽ ይዞ የረጋ ካስት የሚባል ነገር ነው።

ጠብታውን አይቶ «ይህ ስብ ነው» ማለት ግን ቀላል አልነበረም። ቀይ የደም ህዋስ ክብ ነው፤ የአየር አረፋ ክብ ነው፤ እርሾ ክብ ነው፤ ከሐኪም ጓንት የሚራገፍ የስታርች ዱቄትም ክብ ሊመስል ይችላል። ልምድ ያለው ተመልካች የሚለያቸው እንዲህ ነው። ቀይ የደም ህዋሳት በመጠን ይቀራረባሉ፤ ስፋታቸው 7 ማይክሮሜትር፣ ማለት የአንድ ሚሊሜትር ከ1000 እጅ 7 እጅ ያህል ነው። የስብ ጠብታዎች ግን አንዱ ትልቅ፣ ሌላው እጅግ ትንሽ ናቸው፤ ዳርቻቸው ጥቁርና ጥርት ያለ፣ መሐላቸው የሚያበራ ነው። የአየር አረፋ ዳርቻው እጅግ ወፍራም ነው። እርሾ ብዙውን ጊዜ ቡቃያ ያወጣል።

የመጨረሻው መለያ ከብርሃን ተገኘ። ዊሊያም ኒኮል የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1828 ካልሳይት ከሚባለው ጥርት ያለ ማዕድን በሠራው ፕሪዝም፣ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ከሚርገበገበው ብርሃን አንዱን አቅጣጫ ብቻ መርጦ ማሳለፍ ተቻለ። እንዲህ ያለ ብርሃን ፖላራይዝድ ይባላል። ሁለት ፕሪዝሞች ተሻግረው ሲቀመጡ ሜዳው ይጨልማል፤ ብርሃንን በሁለት መንገድ ከፍሎ የሚያሳልፍ ነገር በመካከላቸው ቢገባ ግን በጨለማው ውስጥ ያበራል። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ሙንክ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት በአንዳንድ ያበጡ ታማሚዎች ሽንት ውስጥ ያለው ስብ እንዲህ እንደሚያበራ ገልጾ በሽታውን ሊፖይድ ኔፍሮሲስ ብሎ ሰየመው። ኮሌስትሮል ያለበት ጠብታ በተሻገረው ብርሃን ሲታይ፣ ከመሐል ጠቦ ወደ ውጭ በሚሰፋ ጥቁር መስቀል በአራት የተከፈለ የሚያበራ ክብ ይሆናል። ባለሙያዎች የማልታ መስቀል ይሉታል። ተራ ዘይትና ቅባት ግን ይህን መስቀል አያሳይም።

ከኮቱኞ እስከ ሙንክ 149 ዓመት አለፈ። በዚህ ዘመን ሁሉ የታማሚው ሽንት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ከዚህም በኋላ ሥራው አልቆመም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ቶማስ አዲስ በ1920ዎቹ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በተጠራቀመ ሽንት ያሉትን ህዋሳትና ካስቶች በቁጥር መመዝገብ አስተማረ።

ልዩነቱን ማወቅ ለሕፃናት የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ የኮርቲዞን ወገን መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት፣ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ከያዛቸው ሕፃናት ብዙዎቹ በተደራቢ ኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ዛሬ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት በአመዛኙ በፕሬድኒሶሎን ይሻላል። በሌላ በኩል ከጉሮሮ ወይም ከቆዳ ቁስል በኋላ የሚከተለው አጣዳፊ የኩላሊት ብግነት ሽንትን እንደ ሻይ ያጠቁራል፤ በማይክሮስኮፕም በይበልጥ የሚታየው ስብ ሳይሆን ቀይ የደም ህዋስና የደም ካስት ነው። ሕክምናውም ሌላ ነው።

ማይክሮስኮፕ በአገራችን

በኢትዮጵያ ማይክሮስኮፕ ከከተማ ሆስፒታል አልፎ ወደ ገጠር እንዲወጣ ያደረገው በዋናነት ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምብያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ የአገሪቱን የጤና ባለሙያ እጥረት አጋለጠ፤ በማግስቱ ዓመትም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ሁሉ ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና 150000 ያህል ሰው እንደገደለ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬም በዚህ ከፍታ ክልል ውስጥ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም የደም ጠብታን በማይክሮስኮፕ የሚያነቡ ሠራተኞች ማሠልጠን ግድ ሆነ።

ምልከታን በተመለከተ ከአገራችን የሚጠቀሰው ታላቅ ምሳሌ ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ። በእንዶድ ልብስ ማጠብ ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነው፤ ከበሽታው ጋር አያይዞ ያስተዋለው ግን የሠለጠነ ዓይን ነው። ከዚሁ ጋር አንድ የመለየት ትምህርት ማከል ይቻላል። በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል የሚገኘው ቢልሃርዝያ አንጀትን የሚይዘው ዓይነት ነው፤ የሽንት መንገድን የሚይዘውና ደም የሚያሸናው ዓይነት ግን እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከአካባቢው ወጥቶ የማያውቅ የምዕራብ ጎጃም ልጅ ሽንቱ ደም ቢመስል «ቢልሃርዝያ ነው» ብሎ ከመዝጋት በፊት ኩላሊቱን ማስመርመር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ከቡሬ ገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱም ወጪውም ረጅም ነው። በሽታውን ገና በሽንት አተላ ላይ ሳለ መለየት ለቤተሰብም ለመንግሥትም የሚቀልል መሆኑ ግልጽ ነው።

ለክፍል የሚሆን ትምህርት

በ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ትምህርት ስለ ማይክሮስኮፕና ስለ ህዋስ ይሰጣል። በተግባር ግን በብዙ ቦታ ተማሪው የማይክሮስኮፕን ክፍሎች ስም በቃሉ ይዞ ፈተና ይጽፋል እንጂ፣ ሁለት ተመሳሳይ ነገሮችን በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚለያዩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ከላይ የተተረከው ታሪክ ይህን ጉድለት የሚሞላ ልምምድ ያቀርብልናል። ለጤና ጥንቃቄ ሲባል በክፍል ውስጥ ሽንትም ሆነ ደም መጠቀም አያስፈልግም፤ አይገባምም። በገበያችን የሚገኙ ነገሮች ይበቃሉ።

በመጀመሪያ መምህሩ ሦስት ስላይዶች ያዘጋጃል። በአንደኛው ከተቆረጠ ድንች የተፋቀ ውሃ፣ በሁለተኛው ከውሃ ጋር የተመታ የኑግ ዘይት፣ በሦስተኛው ሆነ ተብሎ የአየር አረፋ የገባበት ንጹሕ ውሃ ይደረጋል። ተማሪዎች ስላይዶቹን ስማቸው ሳይነገራቸው ይመለከታሉ፤ በመጀመሪያ በዝቅተኛ፣ ቀጥሎ በከፍተኛ ማጉያ። ብርሃኑን ቀነስ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ይነገራቸው፤ ብርሃን ሲበዛ የጠብታ ዳርቻ ይጠፋልና። ከዚያም እያንዳንዱ ያየውን በእርሳስ ይሥላል፤ መጠኑን፣ ዳርቻውንና መሐሉን በጽሑፍ ይገልጻል፤ በመጨረሻ ስሙን ይገምታል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ስም አስቀድሞ ከተነገረ ዓይን የሚያየው የተነገረውን ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የሙንክን ብርሃን ወደ ክፍል ማምጣት ነው። ኤድዊን ላንድ የተባለው አሜሪካዊ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኒኮልን ውድ ፕሪዝም የሚተካ ርካሽ ስስ ወረቀት መሰል ፕላስቲክ ስለ ሠራ፣ ዛሬ ይህ ነገር በተበላሸ ካልኩሌተር መስኮት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አንዱ ቁራጭ ከስላይዱ በታች ብርሃኑ በሚገባበት፣ ሌላው ዓይን በሚደረግበት ሌንስ ላይ ይቀመጥና ሜዳው እስኪጨልም ድረስ የላይኛው ይዞራል። በዚህ ጊዜ የኑግ ዘይቱ ጠብታ ከጨለማው ጋር ይጠፋል፤ የድንቹ ስታርች ግን በጥቁር መስቀል ተከፍሎ ያበራል። የድንቹ መስቀል ብዙውን ጊዜ መገናኛው ከመሐል ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፤ የኮሌስትሮሉ ግን መሐል ላይ ነው። ተማሪው በዚህ ልምምድ አንድ ከባድ ቁም ነገር ይማራል፤ መስቀል የሚያሳይ ሁሉ የኩላሊት ስብ አይደለም፤ ክብ የሆነም ሁሉ ስብ አይደለም። አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይህ ልምምድ ከሌላ ተግባር ጋር ቢያያዝ ይመረጣል። ዕጩ መምህር ያበጠ ልጅ ሲያይ የሚመዘግባቸው አራት ጥያቄዎች ይኑሩት፦ እብጠቱ የት ጀመረ? ጠዋት ነው ወይስ ማታ የሚብሰው? በስንት ቀን ወይም በስንት ዓመት መጣ? ሽንቱ አረፋ ያበዛል ወይስ ቀለሙ ጠቁሯል? እነዚህ በአጭር ደብዳቤ ተጽፈው ከልጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ቢላኩ የላቦራቶሪ ባለሙያው ፕሮቲኑን በመመርመሪያ ወረቀት፣ አተላውን በማይክሮስኮፕ ለመመልከት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ማመልከት ያስፈልጋል። በሕፃናት ላይ የሚታየው ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ከተሻለ በኋላ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። እንዲህ ያለ ልጅ በዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ለሳምንታት ከትምህርት ሊቀር ይችላል። በስም መጥሪያው ላይ «አቋርጧል» ተብሎ እንዳይሰረዝ፣ ያመለጠውም ትምህርትና ፈተና እንዲካካስለት የሚያደርግ ደንብ ከሌለ፣ መድኃኒቱ ያዳነውን ልጅ ትምህርት ቤቱ ያጣዋል።

ማጠቃለያ

ከማንኪያና ከሻማ ተነሥቶ እስከ ጥቁሩ መስቀል የደረሰው ታሪክ የታላላቅ መሣሪያዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። አንዱ አሞቀ፤ ሁለተኛው መዘገበ፤ ሦስተኛው አነጻጸረ፤ አራተኛው ብርሃኑን ለወጠ፤ አምስተኛው ቈጠረ። እያንዳንዳቸው ከነበራቸው መሣሪያ ይልቅ በሥርዓት ለማየት ባሳዩት ትዕግሥት ይታወቃሉ። በትምህርት ቤቶቻችን ያሉት ማይክሮስኮፖች ጥቂት ቢሆኑም፣ ከቁም ሣጥን ወጥተው ድንችና የኑግ ዘይት ቢታይባቸው፣ ነገ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ጤና ተቋም የሽንት አተላ የሚመለከተው ባለሙያ ትምህርቱን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጠዋት በሰልፍ ላይ የልጅን ፊት የሚያየው መምህርም እንዲሁ።